ፎቶ ማደራጀትና ኤዲት ማድረግ ለጀማሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዛሬ ሰው ሁሉ ካሜራ በኪሱ ይዞ ይዞራል። ፎቶው ይነሳል፣ ይላካል፣ ይረሳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን "የልጄ የክርስትና ፎቶ የት ገባ?" ተብሎ ፍለጋ ይጀመራል። ጀማሪዎች በብዛት የሚጠይቁኝ ፎቶ ስለማሳመር ነው። እኔ ግን ስለ አያያዙም ረዘም አድርጌ መመለስ እወዳለሁ። ያልተስተካከለ ፎቶ በፈለጋችሁት ጊዜ ይስተካከላል፤ የጠፋውን ግን ማንም አይመልስላችሁም።

ከምን ልጀምር? ከፎቶሾፕ?

ከፎቶሾፕ አትጀምሩ። ፎቶሾፕ በፈረንጆቹ 1990 የወጣ፣ አንድን ምስል ይዞ ጠለቅ ብሎ ለመሥራት የተዘጋጀ ፕሮግራም ነው። ሰው ከአንዱ ፎቶ ቆርጦ ሌላው ላይ ለሚያስገባ፣ ፖስተር ወይም የመጽሔት ሽፋን ለሚሠራ ይሆናል። ከ2,000 ፎቶ መሀል የእህታችሁን ምረቃ ፈልጎ አያወጣላችሁም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ላይትሩም ነው። እሱም እንደ ፎቶሾፕ አዶቢ የሚባለው ኩባንያ ምርት ነው፤ የወጣው በ2007 ነው። ብዙ ፎቶ ከካሜራ ያስገባል፣ ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት ያግዛል፣ ብርሃንና ቀለም ያስተካክላል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚፈልገው ግን ጥቂት ነገር ነው። የተጣመመውን ማቃናት፣ ትርፉን መቁረጥ፣ የጠቆረ ፊት ማብራት፣ በኋላም ፈልጎ ማግኘት። ለዚህ ስልካችሁ ላይ ስናፕሲድ የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ደግሞ በሥርዓት የተሰየሙ ፎልደሮች ይበቃሉ። እነዚህን በደንብ ሳትለምዱ ወደ ሌላ አትሂዱ።

ገንዘብ ሳልከፍል የማገኘው ጥሩ ፕሮግራም አለ?

ብዙ አለ። ስናፕሲድ የጉግል ነው፤ በአንድሮይድም በአይፎንም በነፃ ይሠራል። ኮምፒውተር ላይ ለማደራጀት ዲጂካምን እመክራለሁ። ዊንዶውስ፣ ማክና ሊነክስ ላይ ይሠራል። አንዴ በደንብ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሰዎችን ፊት ለይቶ ማሰባሰብም ይችላል። ዳርክቴብል የላይትሩምን ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ለጀማሪ ግን ከበድ ይላል። ጊምፕ ወደ ፎቶሾፕ የሚጠጋ ነው። ፎቶፒያ ደግሞ ምንም ሳይጫን ብራውዘር ላይ ይከፈታል፤ የፎቶሾፕ ፋይልም ይከፍታል። የላይትሩም የስልክ አፕም የተወሰነው ክፍል ነፃ ነው።

የጉግል የፎቶ ማደራጃ የነበረውን ፒካሳን እስካሁን በፍላሽ እየተቀባበሉ የሚጭኑ ሰዎች አሉ። ጥሩ ፕሮግራም ነበር፣ ብዙ ሰው የለመደውም እሱን ነው። ነገር ግን ጉግል በ2016 አቁሞታል። ያላችሁን ሁሉ እዚያ ላይ ከማከማቸት አሁኑኑ ወደ ዲጂካም ብትሻገሩ ይሻላል።

ኮምፒውተር ቤት ፎቶሾፕን በክራክ ጫኑልኝ። ችግር አለው?

አለው። ክራክ ሳይከፈል እንዲሠራ የፕሮግራሙን ቁልፍ የሚሰብር ነገር ነው። ክራኩ እንዲሠራ ብዙ ጊዜ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይባላል። ያኔ አብሮ የሚገባውን የሚቆጣጠር የለም። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከገባ የቤተሰብ ፎቶውም አብሮ ይቆለፋል። ለአዶቢ ወርሃዊ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ እንደሚያስፈልግ፣ እሱን ማግኘትም ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ነፃዎቹን ከላይ የዘረዘርኳቸው። ለጀማሪ ሥራ ምንም አያጎድሉባችሁም።

ፎልደሮቼን እንዴት ልሰይም? በእኛ አቆጣጠር ወይስ በፈረንጆች?

ከሁሉም ጥያቄ የምወደው ይህን ነው፤ የውጭ ቪዲዮዎች ላይ መልሱን አታገኙትምና።

ካሜራም ሆነ ስልክ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት ይጽፋል። የሚጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ላይትሩምም ዲጂካምም ፎቶ የሚደረድሩት ይህንን አይተው ነው። ስለዚህ የፎልደሩን ስም በፈረንጆች ቀን ጀምሩ፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል። ከዚያ በአማርኛ ምን እንደሆነ ጻፉ። ለምሳሌ "2025-01-19 ጥምቀት ጃንሜዳ"። ዓመቱ ፊት ስለሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል።

በእኛ አቆጣጠር "2017-05-11 ጥምቀት" ብላችሁ ብትጽፉ ለእናንተ ጥር 11 ነው። ሌላ ሰው ሲያየው ግን ሜይ 11 ቀን 2017 ይመስለዋል። እናንተም ራሳችሁ ከጊዜ በኋላ ትጠራጠራላችሁ። የግድ በእኛ ይሁን የሚል ሰው ቁጥሩ ላይ "ዓም" ይጨምርበት፦ "2017ዓም-05-11"። ቀላቅሎ መጠቀም ግን ከሁሉም የከፋው ነው። አንዱን ምረጡና በሱ ጽኑ።

በዓል ደግሞ ከዓመት ዓመት በፈረንጆቹ ቀን አንድ ላይሆን ይችላል። የ2024ቱ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ላይ ነበር፣ የ2025ቱ ጃንዋሪ 19 ላይ። ስለዚህ ቀኑን ከጭንቅላታችሁ አትጻፉ፤ ከፎቶው ላይ አንብቡት።

የካሜራዬ ሰዓት ቢሳሳት ምን ይመጣል?

አንድ የታወቀ ጉዳይ ልንገራችሁ። ሰርግ ላይ ሁለት ሰው ያነሳል። የአንዱ ካሜራ ከቀኑ 9 ሰዓትን 15:00 ብሎ ይመዘግባል፤ ትክክል ነው። ሌላው ካሜራውን በእኛ ሰዓት ሞልቶት ስለነበር ያንኑ ሰዓት 9:00 ብሎ ይጽፈዋል፤ ለፕሮግራሙ ይህ ጠዋት ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ኬክ የተቆረሰበት ፎቶ ሙሽራዋ ከቤት ሳትወጣ በፊት ይመጣል። ካሜራው ላይ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ የሞላ ሰው ደግሞ የዘንድሮ ፎቶዎቹ ወደ ኋላ ሄደው ከድሮዎቹ ጋር ይቀላቀሉበታል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ላይትሩምም ዲጂካምም የብዙ ፎቶን ሰዓት ባንዴ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የመግፋት አማራጭ አላቸው። የስድስት ሰዓት ልዩነት ከሆነ የዚያን ካሜራ ፎቶዎች በሙሉ መርጣችሁ ስድስት ሰዓት ጨምሩ። ሰርግ ወይም ምርቃት ከመሄዳችሁ በፊት ግን ካሜራውንና ስልኩን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሰዓታቸውን አመሳክሩ።

ብዙ ሺህ ፎቶ ተዘበራርቆብኛል። ከየት ልጀምር?

ከዛሬው ጀምሩ። ከድሮው የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ከዛሬ ጀምሮ የምታነሱት በሥርዓት ይግባ፤ የድሮውን ትርፍ ጊዜ ስታገኙ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ሥሩት።

ስትመርጡ መጀመሪያ ፈጠን ብላችሁ እለፉ። የደበዘዘውን፣ ዓይን የተጨፈነበትን፣ ስህተት መሆኑ ግልጽ የሆነውን አውጡ። ሁለተኛ ስትመለሱ ለጥሩዎቹ ኮከብ ስጡ። ከተመሳሳይ ስምንት ፎቶ አንዱን ወይም ሁለቱን ምረጡ። አምስቱን የኮከብ ደረጃ ሁሉ ለመጠቀም አትጨነቁ፤ ኮከብ ያለውና የሌለው ብሎ መለየት ለጀማሪ ይበቃል። ኤዲት የምታደርጉት ኮከብ ያለውን ብቻ ነው። ሰው የሚደክመው ሁሉንም ላስተካክል ሲል ነው።

ላይትሩም ውስጥ ፎልደሬ ላይ የጥያቄ ምልክት መጣ። ፎቶዎቼ ጠፉ ማለት ነው?

አይደለም፣ አትደንግጡ። ላይትሩም ክላሲክ የሚባለው የኮምፒውተሩ ላይትሩም ፎቶውን ውስጡ አያስቀምጥም። ፎቶው ያለው እናንተ ባስቀመጣችሁበት ፎልደር ነው። ላይትሩም የሚይዘው ካታሎግ የሚባል መዝገብ ነው፤ ፎቶው የት እንዳለ፣ ስንት ኮከብ እንዳለው፣ ምን ማስተካከያ እንደተደረገበት እዚያ ይጻፋል። እናንተ ከላይትሩም ውጭ ፎልደሩን ካዛወራችሁት ወይም ስሙን ከቀየራችሁት መዝገቡ የድሮውን አድራሻ እንደያዘ ይቀራል።

ፎልደሩ ላይ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ የጠፋውን ፎልደር ፈልግ የሚለውን ምረጡና አዲሱን ቦታ አሳዩት። ከዚያ በኋላ ማዛወርም ሆነ ስም መቀየር ላይትሩም ውስጥ ሆናችሁ ይሁን። ካታሎጉንም ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አድርጉ፤ እሱ ከጠፋ ፎቶው ቢኖርም ኮከባችሁና ኤዲታችሁ ሊጠፋ ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ማስተካከያው ዋናውን ፎቶ ስለማይነካ ያለ ፍርሃት ሞክሩ። ያበላሻችሁት ቢመስላችሁ በአንድ ክሊክ ወደ መጀመሪያው ትመልሱታላችሁ።

ነጠላው ቦግ ብሎ ፊቱ ጠቆረ። እንዴት ላስተካክለው?

በበዓል ቀን ሁሉም ነጭ ለብሶ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ካሜራው በራሱ ሲለካ ነጩ በዛብኝ ብሎ ጠቅላላውን ያጨልማል። ፊት የሚጠቁረው ያኔ ነው። ፊት ላይ ሲለካ ደግሞ ነጠላው እንዳለ ይነጣል፤ ጥለቱ፣ እጥፋቱ፣ ሽመናው ሁሉ ይጠፋል።

በአንድሮይድ ስናፕሲድ ላይ እንዲህ ሞክሩት። ፎቶውን ክፈቱ፣ ከመሣሪያዎቹ ቱን ኢሜጅን ምረጡ። ጣታችሁን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንሸራትቱ ዝርዝሩ ይመጣል፤ ወደ ግራና ቀኝ ስታንሸራትቱ መጠኑ ይቀየራል። መጀመሪያ ሃይላይትን፣ ማለትም በጣም የበራውን ክፍል፣ ቀንሱ። የነጠላው እጥፋት ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ቀጥሎ ሻዶውን፣ ማለትም የጠቆረውን ክፍል፣ ጨምሩ፤ ፊቱ ይከፈታል። ሻዶው ሲበዛ ፎቶው ግራጫ ይሆንና ሕይወት ያጣል፤ እዚያ ሳይደርስ አቁሙ።

ፊቱ አሁንም ካልበቃው ሴሌክቲቭ የሚለውን ክፈቱ። ፊቱ ላይ አንዴ ንኩ። በሁለት ጣት ክቡን ፊቱን ብቻ እስኪሸፍን አጥብቡት። ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ጨምሩ። ሁሉንም ከማብራት ይህ እጅግ ይበልጣል፤ ነጠላው ባለበት ይቆያልና።

አንድ ገደብ አለ። ሲነሳ ፍጹም ነጭ ሆኖ የወጣ ቦታ ውስጡ ምንም መረጃ የለም። የትኛውም ፕሮግራም ጥለቱን ከባዶ አያመጣም። ስለዚህ ስታነሱ ትንሽ አጨልሙ። የጠቆረን ማብራት ይቻላል፤ የተቃጠለ ነጭን መመለስ አይቻልም።

በድንኳን ውስጥ ያነሳሁት ሁሉ ሰማያዊ ሆነ።

ሰማያዊ ሸራ ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወርደው። ዓይናችን ይለምደዋል፣ ካሜራው ግን እንዳለ ይቀርጸዋል። እዚህ ላይ ነጠላ ባለውለታ ነው። ዋይት ባላንስ በሚባለው የቀለም ማስተካከያ ውስጥ የጠብታ ምልክት ያለው መሣሪያ አለ። እሱን ያዙና ነጠላው ላይ ንኩ። ፕሮግራሙ "ይህ ነጭ መሆን ነበረበት" ብሎ የተቀረውን ቀለም ሁሉ አብሮ ያስተካክላል። የምትነኩት በጣም የበራውን ቦታ ሳይሆን ትንሽ ጥላ ያረፈበትን እጥፋት ይሁን። ጥለቱንም አትንኩ። ቢጫ አምፖል ሥር የተነሳ ፎቶም በዚሁ መንገድ ይስተካከላል።

ቆዳ ማለስለስና ማንጣት እንዴት ነው?

ብጉር ማጥፋት ችግር የለውም፤ ከሳምንት በኋላ በራሱ የሚሄድ ነገር ነው። ሂሊንግ በሚለው መሣሪያ አንዴ ነክታችሁ ታጠፉታላችሁ። ቆዳ ማንጣትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የጠቆረ ፎቶን ማብራትና ሰውን ከመልኩ ውጭ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጠይም ሙሽራ በፎቶዋ ላይም ጠይም መሆን አለባት። ብርሃኑ ሲስተካከል የጠይም ቆዳ ወዙ ራሱ ይወጣል፤ ማንጫ ፊልተር ይህንን ነው የሚያጠፋው። ማለስለሻውም ከበዛ የፊት መስመሩ ሁሉ ይጠፋል። ነገ ልጆቿ የሚያውቋትን እናታቸውን ፎቶው ውስጥ ይፈልጋሉ።

ጄፔግ ወይስ ሮው?

ጄፔግ ካሜራው ራሱ አስተካክሎና ጨምቆ የሚያስቀምጠው የተለመደው ፎቶ ነው፤ ሮው ደግሞ ካሜራው የያዘው ጥሬ መረጃ ነው። በስልክ የምትሠሩ ከሆነ ጄፔግ ይበቃችኋል። ካሜራ ካላችሁና ላይትሩም ወይም ዳርክቴብል ከለመዳችሁ ሮው ሞክሩ፤ ከጨለማና ከብርሃን ብዙ ነገር ማውጣት ይቻላል። ቦታ ግን ይበላል። የ24 ሜጋፒክሰል ካሜራ አንዱ ሮው ፎቶ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል።

በቴሌግራም የላኩት ፎቶ ሲታተም ለምን ይደበዝዛል?

ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩ ያሳንሰዋል። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ገደማ ይወርዳል። ፎቶ ቤት ጥራት ላለው ህትመት 300 ፒክሰል በኢንች ይፈልጋል። እንግዲህ አስሉት፦ 10 በ15 ሳንቲሜትር ለሆነችው ትንሿ ፎቶ እንኳ ወደ 1200 በ1800 ፒክሰል ያስፈልጋል። ለኤ4 ደግሞ ወደ 2480 በ3508።

መፍትሔው እንደ ፋይል መላክ ነው። የአባሪውን ምልክት ነክታችሁ ፋይል የሚለውን ምረጡ፣ ከጋለሪ ፎቶውን አውጡ። እንዲህ ሲሄድ መጠኑም የተነሳበት ቀንም አይነካም። እንደ ፎቶ የተላከ ግን ቀኑም አብሮ ይጠፋል። ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችሁ የሚልኩላችሁንም "እንደ ፋይል ላኩልኝ" በሏቸው፤ አለበለዚያ የደረሳችሁን ሁሉ እንደገና በእጅ መደርደር ይሆናል።

ከጉግል ፎቶስ ላይ ሳጠፋ ከስልኬም ጠፋ። ለምን?

ጉግል ፎቶስና ስልካችሁ የተያያዙ ናቸው። አፑ ውስጥ አጥፋ ስትሉ ከሁለቱም ይጠፋል። ስልኩ ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ብቻ ከሆነ ቦታ አስለቅቅ የሚለውን ተጠቀሙ፤ እሱ የሚያጠፋው ቀድሞ ወደ ጉግል የተጫነውን ከስልኩ ላይ ብቻ ነው። በስህተት ያጠፋችሁት ባክአፕ ተደርጎ ከነበረ ቅርጫቱ ውስጥ 60 ቀን ይቆያል። ቶሎ ግቡና መልሱት።

ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ከጂሜይልና ከድራይቭ ጋር የጋራ ነው። ያለገደብ ነፃ የነበረው እስከ ጁን 1 ቀን 2021 ነበር። አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን 15 ጊጋ ወደ 3,700 ፎቶ ይይዛል። ቪዲዮ ከተጨመረ ቶሎ ይሞላል።

የአባቴና የአያቴ ዘመን ፎቶዎች አሉ። እንዴት ወደ ኮምፒውተር ላስገባቸው?

ይህን ሥራ ለነገ አትበሉት። ፎቶው ይጠብቅ ይሆናል፤ ውስጡ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁት ሽማግሌዎች ግን ላይጠብቁ ይችላሉ።

ስካነር ካለ ለፖስትካርድ መጠን 600 ዲፒአይ (በኢንች የሚነበበው ነጥብ ብዛት) አድርጉ፤ ለትንሿ የመታወቂያ ፎቶ 1200። ስካነር ከሌለ መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። ፍላሽ አጥፉ። ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንሱ። የአልበሙ ፕላስቲክ ላይ የተጣበቀውን በጉልበት አትላጡ፤ እንዳለ አንሱት።

ጀርባውንም አንሱ። "ለማይረሳው ወንድሜ" ተብሎ የተጻፈው፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ ቀኑ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጀርባው ላይ ሰኔ 1966 ካለ፣ በፈረንጆቹ ጁን ወይም የጁላይ መጀመሪያ 1974 ነው። ስካን የተደረገው ፋይል የዛሬን ቀን ስለሚይዝ ዲጂካም ወይም ላይትሩም ውስጥ ገብታችሁ ቀኑን ቀይሩት። አለበለዚያ አያታችሁ ከትናንት ወዲያ የተነሱ ሆነው ይመጣሉ።

ከዚያ እናታችሁን ወይም አክስታችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና "ይሄ ማነው? የት ነው?" እያላችሁ መግለጫው ላይ ጻፉ። በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። "ከግራ ወደ ቀኝ" ብላችሁ ስም ከነአባት ስሙ አስገቡ። እትዬ እገሌ ብቻ አትበሉ፤ የልጅ ልጆቻችሁ የትኛዋ እትዬ እንደሆነች አያውቁም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶ አድሰን ጥርት እናደርጋለን የሚሉ አፖች በዝተዋል። ተጠንቀቁ። የደበዘዘ ፊት ላይ ዓይንና አፍንጫ ከራሳቸው ፈጥረው ያስገባሉ፤ ውጤቱ የሚያምር ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ብትሞክሩም በሌላ ስም አስቀምጡት፤ ዋናው ስካን አይነካ።

ባክአፕ ስንት ቦታ?

ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለምሳሌ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ ሁለተኛው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ኦንላይን። ኢንተርኔቱ ካልቻለ ሦስተኛውን ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጋችሁ እህት ወይም ወንድም ቤት አስቀምጡት። ፍላሽ ለማጓጓዣ እንጂ ለማስቀመጫ አይሁን።

ስታስተላልፉ ከት ሳይሆን ኮፒ አድርጉ። መብራት በየትኛውም ሰዓት ሊሄድ ይችላል፤ በከት መሀል ከተቋረጠ ፋይሉ ከሁለቱም ወገን ሊጎዳ ይችላል። ኮፒው ሲያልቅ የፋይሉን ብዛትና መጠን በሁለቱም በኩል አስተያዩ። ሜሞሪ ካርዱን የምታጸዱት ፎቶው ሁለት ቦታ መግባቱን ካያችሁ በኋላ ነው።

ፎቶ ላይ አማርኛ ስጽፍ ሳጥን ሳጥን ይሆናል።

የመረጣችሁት ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ በነፃ አውርዳችሁ ጫኑ። ዊንዶውስ ላይ ኢብሪማም ይሠራል። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱትና ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ቀይሩ። ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ከመጣ ግን ጽሑፉ የተጻፈው በድሮው፣ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደል አሠራር) ባልሆነ ፎንት ነው። ያኔ ፎንት መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ጽሑፉን በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ያስፈልጋል።